ቀለሙ እስኪደርቅ

መካኒኩ ኡስታ ዐዋድ የአሮጌውን መኪና ዳሽቦርድ ነቅሎ ካወረደ በኋላ ከውስጡ አንድ ጥቁር፣ ከአውራ ጣት ራስ የማይበልጥ ነገር አነሳና አገላብጦ አየው፤ የአይጥ ነገር መስሎት ሊወረውረው ሲል እጁን ያዝኩት። የደረቀ ሎሚ ነው። አፍንጫዬ ላይ ባስጠጋው እንጨት እንጨት ይላል፤ በጥፍሬ ስፍቀው ግን ከቤንዚኑና ከአቧራው ሥር አንዲት ቀጭን ሽታ ወጣች፤ እግሬ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ ጋራዥ በምንለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር እንደ ቆመ፣ እኔ ግን ጋቢና ውስጥ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

አባቴ ጋሽ መላኩ ሹፌር ሆኖ የቤንዚን ሽታ የማይችል ሰው ነበር፤ ደም የሚፈራ ሥጋ ሻጭ እንደ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ሎሚ ለሁለት ይቆርጥና ግማሹን ሻይ ውስጥ ጨምቆ፣ ግማሹን ከመስተዋቱ ሥር ዳሽቦርዱ ላይ ያኖራል፤ የካርቱም ፀሐይ እስከ ቀትር ታደርቀዋለች፣ የካርቱም ጉድጓድ ደግሞ እያነጠረ ወደ ስንጥቁ ይከተዋል፤ በማግስቱ ሌላ ሎሚ። እናቴ "ይህን ሁሉ ሎሚ ለሰው ሰጥተኸው ቢሆን ጸድቀህ ነበር" ትለው ነበር። ያ መኪና ስንት ሎሚ እንደ ዋጠ እግዜር ይወቀው።

ሱዳኖች ፒክአፕ መኪናን ቦክሲ ነው የሚሉት፤ እኛም ሌላ ስም አላወጣንለትም። የኛ ቦክሲ ሰማያዊ ነበር፤ ጎንና ጎኑን ነጭ መስመር የሚዞረው፣ ከኋላ ግራና ቀኝ የእንጨት አግዳሚ፣ ከላይ የሸራ ጥላ ያለው፤ በግራ ፓራፋንጎው ላይ ደግሞ የውኃ ሻጭ አህያ ረግጣ የሠራችው የሳህን ያህል ጎድጓዳ ነበረበት። አባቴ ጎድጓዳውን ማስቃናት አይፈልግም። "አህያዋ ፈርማበታለች፤ ከእንግዲህ የሚሰርቀው የለም" ይል ነበር። አይ አለማወቅ!

ጎህ ሲቀድ፣ ቡሪ ውስጥ አንዲት ክፍል ለአራት ለአምስት ሆነው የተከራዩት የወሎ ሴቶች፣ ዐማራት ወደሚባለው የሀብታም ሰፈር ትላልቅ ቤቶች ለሥራ የሚሄዱት በኛ ቦክሲ ነበር። አባቴ ከተጣለ አውቶቡስ ላይ የነቀለውን ክላክስ ገጥሞበታል፤ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ዲያቆን ድምፅ ነው። ሁለት ጊዜ ሲያስጮኸው በሮች ይንኳኳሉ፣ ባልዲዎች ይገለበጣሉ፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን ራሳቸው ላይ እየጣሉ፣ አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ አንዱን መሬት ላይ አድርገው "ጋሼ፣ ደቂቃ በስ! አንዲት ደቂቃ ብቻ!" እያሉ ይሮጣሉ። እሱም "ዛሬስ ትቻችሁ ነው የምሄደው፤ ያላ፣ ያላ!" ይላል፤ አንድ ቀን እንኳ ማንንም ትቶ ሄዶ አያውቅም። ሲሳፈሩ የልብስ ሳሙና ሽታና የእንቅልፍ ሳቅ ይዘው ይገቡ ነበርና መንገዱን ሙሉ ከኋላችን ሠርግ የጫንን ይመስለኛል።

እኔ ትምህርት ቤት እስክደርስ ጋቢናው መሐል ላይ ነው የምቀመጠው፤ ማርሹ በጉልበቶቼ መካከል ነው። አባቴ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ "ሁለት!" ይላል፣ እስባለሁ፤ "ሦስት!" ይላል፣ እገፋለሁ። መጀመሪያ መዳፉን ከመዳፌ ላይ ያደርግ ነበር፤ ኋላ ተወው። ሙቀት የፈጀው የማርሹ ራስ እጄን እንዳያቃጥለው አሮጌ ካልሲዬን አጥልቀንበት ነበር። ሰው ስለ ደስታ ሲያወራ ስሰማ እስከ ዛሬ ትዝ የሚለኝ ያ ካልሲ ነው፤ በውስጡ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፣ አባቴ ደግሞ መንገዱን እያየ "ጎበዝ ሹፌሬ" ሲለኝ።

አባቴ በገዛ ገንዘቡ ቢገዛውም መኪናው ግን በስሙ አልነበረም። ያን ጊዜ እንደኛ ላለ መጤ የሕዝብ መጫኛ መኪና በስም ማውጣት ዘበት ስለ ነበር፣ ከሐበሻው መሐል ጂንሲያ የሚሉት የሱዳን ዜግነት ያለው ስሙን ያበድራል፣ ሌላው ይሠራበታል። አባቴ የተበደረው የእትዬ ዘነቡን ስም ነው። እትዬ ዘነቡ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች፣ ከሰል በጅምላ የምትነግድ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች፤ ከሁሉ በላይ ግን የኔ የክርስትና እናት። በሰማንያ ቀኔ ታቅፋ ያስነሳችኝ፣ ማተቤን አንገቴ ላይ ያሰረችልኝ እሷ ናት። ይህም ለወላጆቼ አበልጅ አደረጋት፤ በአበልጅ መሐል ደግሞ ምስክር መጥራት ነውር ነው። ታቦቱ አይቷል ይባላል። አባቴ ነውሩን ፈርቶ ምስክር ሳይጠራ ቀረ፤ ታቦቱም እስከ ዛሬ ድረስ ቃሉን አልሰጠም።

አባቴን የክረምቱ ወባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወሰደው። ለቅሶውን እንደ እትዬ ዘነቡ የቆመለት የለም፤ ድንኳኑን ያስተከለች እሷ፣ ወንበሩን ያስመጣች እሷ፣ ፉሉን በየድስቱ ያስቀቀለች፣ ሻዩን ያስፈላች እሷ። ሰዉ "አበልጅ ማለት እንዲህ ነው" እያለ መረቃት። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል መኪና ተጠየቀ፤ እናቴ እመቤት ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለው የአባቴ ኮት ኪስ ውስጥ ቁልፉን አወጣችና፣ ዕንባዋ ዓይኗን ጋርዶት በዳበሳ የእትዬ ዘነቡን እጅ ፈልጋ አስጨበጠቻት። "ያንቺው ነው አበልጄ፤ አድርሱልኝ" አለች። ሐዘንተኛ ለቅሶውን ሁሉ ላቆመለት ሰው ሌላ ምን ይላል? አባቴ በገዛ ቦክሲው ተጭኖ ወደ ክርስቲያኖች መቃብር ሄደ። እሱ እዚያ ቀረ፤ ቦክሲውም ወደ ቤት አልተመለሰም።

ሠልስቱ አለፈ፤ እናቴ ሐዘን ላይ ሆኖ መኪና መጠየቅ ያሳፍራል ብላ ዝም አለች። አርባው ሲወጣ እኔን አስከትላ እትዬ ዘነቡ ግቢ ሄደች። ቦክሲው አረንጓዴ ተቀብቶ፣ አግዳሚዎቹ ተነቅለው፣ እስከ አፉ ከሰል ተጭኖበት ቆሟል፤ አህያዋ የፈረመችበት ጎድጓዳ ባይኖር አላውቀውም ነበር። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቁልፉን ብላ ጀመረች።

"ኸላስ፣ አበቃ እመቤት፣ መላኩ ሞቷል፤ ነፍሱን ይማረው" አለች እትዬ ዘነቡ፣ ሠራተኞቿ ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብላ። "ሰው ሁሉ እየሰማ ያንቺው ነው ያልሽኝ ራስሽ አይደለሽም? ደግሞስ መኪና ወንድ ይፈልጋል። ማን ሊነዳው ነው? አንቺ? ወይስ ይቺ ልጅ?" በአገጯ እኔን ጠቆመች። ከሰል ጫኞቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀችና፣ የክርስትና ልጇ መሆኔ ትዝ ብሏት መሰለኝ፣ ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችኝ። ከረሜላውን መንገድ ላይ ለነበረች አህያ ሰጠኋት፤ ቢያንስ እሷ ፈርማ ስትሄድ በቤታችን ሰው አልሳቀችም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ለኔ ግን የኔ አለመርሳት ብቻ በቂ አልነበረም፤ የወጋችውም እንዳትረሳ ነበር የምፈልገው። እናቴ አባቴ ሲያመላልሳቸው እንደ ነበሩት ሴቶች ዐማራት ሰው ቤት ገባች፤ ጠዋት ከመንገድ ዳር ቆማ የሌላ ሰው ቦክሲ ስትጠብቅ የገዛ መኪናችን ከሰሉን ጭኖ ያልፋል፣ ጥቁሩ ብናኝ ነጭ ሻሿ ላይ ያርፋል፤ አራግፋው መጠበቋን ትቀጥላለች። ግቢያችን ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር አባቴ የሚያቆምበትን ቦታ ግን ባዶውን ጠበቀችው። ልብስ አታሰጣበትም፣ ባልዲ አታስቀምጥበትም፤ ጎረቤት ፍየሉን ሊያስርበት ቢጠይቃት "ሰው አለበት" አለችው። እኔ ከሰው ቤት ምግብ አብሳይነት ተነስቼ ዐማራት ውስጥ የራሴን ትንሽ ምግብ ቤት እስክከፍት ድረስ ያ ቦታ ባዶ ነበር። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁ ዕለት እየበረርኩ ሄጄ ለእናቴ አሳየኋት። እንኳን ደስ ያለሽ አላለችኝም። ቀና ብላ አይታኝ "ዘነቡ ሰምታለች?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳትቆይ እሷም አረፈች።

ጦርነቱ ሲመጣ እንደ ሰዉ ሁሉ ሸሽቼ ገዳሪፍ ከረምኩ፤ ስመለስ ከምግብ ቤቴ የቀረልኝ ግድግዳው ነበር፤ እሱም ቢሆን ወንፊት ሆኗል። ቡሪ ወዳለው የድሮ የኪራይ ቤታችን ስገባ ግን በእትዬ ዘነቡ በር አለፍኩና ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ዘራፊዎቹ አዲሶቹን መኪኖቿን ሁሉ ነድተው ወስደዋል፤ ከአጥሯ ሥር ዶሮ ሲያድርበት የኖረውን አሮጌ ቦክሲ ደግሞ መንገዳቸውን ስለ ዘጋ ገፍተው አውጥተው፣ ባትሪውንና ወንበሩን ወስደው፣ ሞተሩን ንቀው ጥለውት ሄደዋል። ሌባ የናቀውን ሀብቴን መንገድ ላይ አገኘሁት። ቀርቤ ግራ ፓራፋንጎውን ዳበስኩ፤ ጎድጓዳው አለ።

ያለ ማንም ፈቃድ ነው የተወሰደው፤ ያለ ማንም ፈቃድ ወሰድኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ በደጃፏ፣ በትራክተር አስጎተትኩት፤ ማነሽ የሚለኝ ሰው እንዲወጣ እየጸለይኩ። የወጣው ልጇ ሙሉጌታ ነበር፤ እዚያው ተወልዶ አማርኛው ግማሽ የሆነ፣ ክፉ ደግ የማያውቅ ጎልማሳ። ገና አፌን ሳልከፍት "ሰብለ፣ ወላሂ ጥሩ ሠራሽ፤ ይሄ ቆሻሻ መንገድ ዘጋ ነበር" ብሎ አመሰገነኝ። ገመዱን ሁሉ አብሮኝ አሰረ። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። ለበቀል የመጣ ሰው ምስጋና ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ በማደስ ብቻ አልተውኩትም። ለማደስማ ኡስታ ዐዋድ ይበቃል፤ ጦርነቱ ውስጥ መፍቻውን ቀብሮ ያተረፈ፣ በሥራውና በሻዩ መካከል ልዩነት የማያይ መካኒክ ነው። እኔ ግን መኪናው ከድሮው እንዲበልጥ ፈለግሁ፤ ስታየው አንጀቷ እንዲቆረጥ። ያለኝን ገንዘብ ሁሉ አፍስሼ ከተገለበጠ አዲስ መኪና ላይ ሞተር አመጣሁለት፣ መሪውን በዘይት የሚዞር አስደረግሁት፣ ጋቢናው ውስጥ ማቀዝቀዣ አስገባሁበት፣ ወንበሩን ቀይ ቆዳ አለበስኩት፣ አግዳሚዎቹን ከጥሩ እንጨት አስቆረጥኩ። ብሎን ባጠበቅሁ ቁጥር የእሷን ጉሮሮ ያጠበቅሁ ይመስለኝ ነበር፤ አልዋሽም፣ ይጣፍጠኝ ነበር። አረንጓዴውን ቀለም ራሴ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቀው እጄ ይደማል፣ ደስ ይለኛል። ኡስታ ዐዋድ ጎድጓዳውን ቀጥቅጦ ሊያቃናው መዶሻ ሲያነሳ ብቻ ጮህኩበት። "ያ ሰብለ፣ ሁሉን አሳምረሽ ይሄን ጠባሳ?" አለኝ። ፊርማ ነው አልኩት። ክላክሱንም የሚመስል ፈልጌ ፈልጌ ከአንድ የተቃጠለ አውቶቡስ አገኘሁ፤ ሲሞከር ያው የጉንፋኑ ዲያቆን ነበር። ሐሳቤ አንድ ነው፤ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አስጮኸዋለሁ፤ ትወጣለች፤ መሪው ላይ የተቀመጠችው ይቺ ልጅ መሆንዋን ታያለች። ሌላ የምላት ነገር አልነበረኝም።

ኋላ ግን እትዬ ዘነቡ ታመመች ተባለ። ደነገጥኩ። ቀለም እንኳ አልተቀባም፣ እንዴት ትሞታለች! በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተንበረከክሁ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ለኔ ነው፤ "ጌታ ሆይ፣ ዕድሜዋን አርዝምልኝ፤ ቢያንስ ቀለሙ እስኪደርቅ" አልኩ። ዶሮ ወጠወጥኩ፣ አጥሚት አፈላሁ፣ በፔርሙዝ ለሙሉጌታ እየሰጠሁ ላክሁላት። እሷ ፊት መግባት አልፈለግሁም፤ የምታየኝ መሪ ጨብጬ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ጎረቤቱ ሁሉ "የክርስትና ልጅ ማለት እንዲህ ነው" እያለ መረቀኝ። ምርቃቱን ስሰማ የሆነ የማውቀው ነገር ሆነብኝ፤ በአባቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሰማሁት ያው ቃል ነበር። ሰው ምርቃቱን የትም ይጥለዋል።

ኡስታ ዐዋድን መውጫ መግቢያ አሳጣሁት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ተከራየሁለት። የመጀመሪያው ሰማያዊ ተቀብቶ ገና ሲያብለጨልጭ ሀቡብ ተነሣ፤ ያ ቀይ የአቧራ ግድግዳ ከደቡብ መጥቶ ካርቱምን ዋጣት፤ ሲያልፍ ቦክሲው ቀለም ሳይሆን ጡብ የተቀባ ይመስላል። ተቀምጬ አለቀስኩ። ኡስታ ዐዋድ "ቀለም አይለመንም ያ ሰብለ፤ እሱ ፀሐይን ነው የሚሰማው" አለና እንደ ገና ፍቆ እንደ ገና ቀባው። ነጩን መስመር በመጨረሻ ሲያወጣ ቀጥ ብሎ ስላልሄደለት ተበሳጨ፤ እኔ ግን የድሮውም እንዲሁ ጠመም ያለ ነበር አልኩት። ልክ እንደዚያ ሆኖ ቆመ። እስከ ማግስቱ ድረስ እንዳልነካው ከለከለኝ።

በማግስቱ ገና ረፋድ ላይ ሙሉጌታ ራሱን በነጠላ ጠምጥሞ መጣ። "እማማ ሞተች፣ ሰብለ" አለኝ። ሰፈሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ መኪና ከዚህ በቀር እንደሌለ፣ ሙቀቱ ደግሞ እንደማያስቆይ እየነገረኝ እጁን ዘረጋ፤ "ዐለይኪላህ፣ ሙፍታሁን ስጪኝ። ወንድ ይንዳው። ቀብረን እኔ ራሴ መልሳለሁ።" የተዘረጋውን መዳፍ አየሁት፤ ሰፊ ነው፣ የእናቱ መዳፍ ነው። ቁልፉን በዚያው እሷ ባሰረችልኝ ማተብ ላይ አንጠልጥዬው ነበር። በቀሚሴ ውስጥ ጨበጥኩትና "ቁልፍ አልሰጥም። እኔ እነዳለሁ" አልኩት።

በጓሮ አልገባሁም፤ በደጃፏ አቆምኩት። ክላክሱን ሁለት ጊዜ አስጮኽኩት። ወጣች፤ በሰው ትከሻ ላይ፣ ዓይኗ ተከድኖ። ሴቶቹ ክላክሱን ሰምተው "ተመልከቱ፣ በመኪናዋ አለቀሰችላት" ብለው እንደ ገና እሪ አሉ። ወንዶቹ ሣጥኑን ሲጭኑ የመኪናውን ጎን ተደገፉና ቀለሙ እጃቸው ላይ መጣ፤ መዳፋቸው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፣ የእጃቸውም ምልክት ነጩ መስመር ላይ ታተመ። አባቴ ሲቀበር በዚህ መንገድ አልፎ ነበር። እኔም እሷን ይዤ በዚያው አለፍኩ። "ሁለት" አልኩ ለራሴ፣ ሳብኩ፤ "ሦስት" አልኩ፣ ገፋሁ። ከኋላዬ የተኛችው ሴት ይህን ብታይ ምን ትል እንደ ነበር እያሰብኩ፣ በየጉድጓዱ ሆነ ብዬ ፍጥነቴን ሳልቀንስ ነው የነዳሁት፤ እውነቱ ይኸው ነው።

አፈር ከለበሰች በኋላ ሰዉን አሳፍሬ መለስኩ፤ ሁሉም በየበሩ ወረደ። ብቻዬን ስቀር የወሎ ሴቶች ይኖሩበት በነበረው ቅያስ ገባሁና ክላክሱን እንደ ገና ሁለት ጊዜ አስጮኽኩት። የተከፈተ በር አልነበረም። ግማሹ በር የለውም፤ ባለቤቶቹም የት እንደ ደረሱ የሚያውቅ የለም፤ ጦርነቱ አንዷን ወደ መተማ፣ ሌላዋን ወዳልታወቀ አገር በትኗቸዋል። አንዲት ሴት ሻሿን እየጣለች ደቂቃ በስ ብላ ብትወጣ ዓለሜን በሰጠኋት። ትንሽ ጠበቅሁ፤ አባቴም ሁልጊዜ ይጠብቅ ነበርና።

ከዚያ ወደ ቤት ነዳሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ኒም ዛፉ ሥር እናቴ ሰው አለበት ትለው በነበረው ባዶ ቦታ ላይ አቆምኩት። ሞተሩን አጠፋሁ። ወርጄ የሰዎቹን የእጅ ምልክት በጣቴ ነካሁት፤ አሁን ደርቋል። ኡስታ ዐዋድ ነገ መጥቼ ልፋቀው ይለኛል፤ አልፈቀድኩለትም። ይህን ሁሉ የምነግረው አንድ ሰው ብቻ ነበረኝ፣ እናቴ፤ እሷም ግቢው ውስጥ የለችም። ብትኖር ኖሮ በሩ ላይ ቆማ እንኳን ደህና ገባሽ አትለኝም፣ መኪናው አማረ አትለኝም፤ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ዘነቡ አየች?"

አላየችም፣ እማዬ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር።